አክተር አይሞትም፦ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤትና የፒያሳ ሲኒማዎች

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሰሞኑን ዘጠነኛ ክፍል ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት እያወራን ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ የወረደበትን ታሪክ ጨርሰን ወሬው ወደ ሌላ ሄደና አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ዩቲዩብ ሳይኖር ፊልም የት ነበር የምታዩት?" አለኝ። "ቪዲዮ ቤት ነዋ" አልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቪዲዮ ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ልጅ ጠፋ። አንዷ "ሰርግ የሚቀርጹ ሰዎች ቢሮ ነው?" ብላ ሞከረች። ላስረዳ ስል ተደወለና ወጡ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሃያ ዓመት ትንሽ ቢያልፈው ነው እኮ!

የአገራችን የሲኒማ ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚጀምረው፣ ከቤተ መንግሥት። ወንድማማቾቹ ሉሚየሮች በፓሪስ ለሕዝብ ፊልም ያሳዩት በ1895 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ መሣሪያው አዲስ አበባ ደርሷል። አንድ ፈረንሳዊ ይዞት መጥቶ ለጣሊያኑ መልእክተኛ ለቺኮዲኮላ እንደሸጠለት፣ ቺኮዲኮላም ለአጼ ምኒልክ እንዳበረከተላቸው ይተረካል። (እኛ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጆች ፈረንሳይ የሚል ስም በሰማን ቁጥር የራሳችን ሰው የተጠራ ይመስለናል፤ ይቅር በሉን።) ከዚያ ሕዝቡ የሚገባበት ሲኒማ ቤት ሲከፈት የከተማው ሰው ስም አወጣለት፦ ሰይጣን ቤት። ግድግዳ ላይ የሞተ ጥላ ሲራመድ፣ ፈረስ ሲጋልብ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ቦታው ከቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ በኋላ ሜጋ አምፊቴአትር ያልነው ነው።

ጣሊያን ሲመጣ አዳራሾቹ በዙ። ግን ለማን? የፋሽስት ሕግ ነጭና ጥቁር አንድ አዳራሽ ውስጥ እንዳይቀመጥ ይከለክል ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ "ሲኒማ ማርኮኒ" ተብሎ የተጀመረው ያኔ ነው፤ ጣሊያን ሳይጨርሰው ሄደና በ1948 ዓ.ም ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ፒያሳ ያለው ሲኒማ ኢትዮጵያም የጣሊያን ዘመን ልጅ ነው። አምፒር፣ አምባሳደር፣ መርካቶ ደግሞ ሲኒማ ራስ... ደርግ መጣና ሲኒማ ቤቶቹ የመንግሥት ሆኑ።

ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። መጽሐፍ ላይ የማታገኙት የእኛን በኩል ነው።

ከፒያሳ ተነስታችሁ በአራት ኪሎ፣ በጃን ሜዳ አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር ስናድግ አላየንም። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ኤምባሲ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ፣ ጠላ ቤት አለ፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሞልቷል። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሲኒማ የለም። ስለዚህ ፊልም የፈለገ ሰው ቁልቁል ይወርዳል።

የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ጋሼ (ስማቸውን አልጠቅስም፣ አይወዱም) በደርግ ጊዜ ጎረምሳ ሳሉ ከፈረንሳይ ፒያሳ በእግራቸው ወርደው፣ የሕንድ ፊልም አይተው፣ በእግራቸው ሽቅብ ይመለሱ ነበር። የአውቶቡሱን ሳንቲም ለመግቢያው ይቆጥቡታል። ማታ ጃን ሜዳን ሲያልፉ ፍርሃቱን ለማባረር የፊልሙን ዘፈን ጮክ ብለው ይዘፍናሉ። በሕንድኛ! አንዲት ቃል ሳይገባቸው ከዳር እስከ ዳር። ዛሬም "ማዘር ኢንዲያ" ከተባለ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

እና ከመንግሥት ለውጥ በኋላ እህታቸው ከጅዳ ዴክ ላከችላቸው። ቴሌቪዥኑን፣ 21 ኢንች ሶኒ፣ እቁብ ደርሷቸው ገዙ። ከግቢያቸው አጥር ጋር አንድ የጭቃ ክፍል አስጠጉ። በቃ፣ ሲኒማ ቤት ተከፈተ።

ላላያችሁት ልሳለው። በሩ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ብርሃን እንዳይገባ ነው፣ ደግሞም ውጭ የቆመ በነፃ እንዳያይ። ከበሩ ጎን በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ጣውላ፦ "ዛሬ 8፡00 ካራቴ፣ 10፡00 ሕንድ፣ 12፡00 ጦርነት"። የፊልሙ ስም አይጻፍም፤ ዓይነቱ ይበቃል። አንዳንዴ "ቫንዳም" ብቻ ይባላል፣ ያኔ ጠመኔው ሳይደርቅ ይሞላል። ውስጥ ድንጋይ ላይ የተጋደሙ ጣውላዎች አሉ፣ አግዳሚ እንላቸዋለን። ፊት ለፊት ትንንሾቹ መሬት ላይ፣ መሐል እኛ፣ ከኋላ ትልልቆቹ። ወለሉ አቧራ ስለሆነ ጋሼ ፊልም ከመጀመሩ በፊት ውሃ ይረጩበታል፤ ለእኔ የሲኒማ ሽታ እስከ ዛሬ የረጠበ አፈር ነው።

መግቢያው ሽልንግ ነበር፣ 50 ሳንቲም። ለአዲስ ካሴት አንድ ብር። አርባ ልጅ ከተጠቀጠቀ 20 ብር ይገኛል። ከዚያ ላይ የካሴት ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ ሄዱ ሲቆሽሽ የሚያጸዳ ሰው አለ። ጋሼ ሀብታም አልሆኑም። ግን አራት ልጅ አሳድገውበታል።

ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አያስገቡም። በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ ፊልሙን መሐል ላይ አቁመው ሹራብ ደርቦ የገባን ልጅ በአንገትጌው ለይተው አስወጥተውታል። "እናትህ እንጀራ ጋግራ ደብተር የገዛችልህ እዚህ እንድትቀመጥ ነው?" እያሉ። ዛሬ አስተማሪ ሆኜ ሳስበው ከብዙ ዳይሬክተር የተሻሉ ዲስፕሊን አስከባሪ ነበሩ።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ወይ በቻይንኛ ነው፤ ማንም አይሰማም። ግን ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ተርጓሚ አለ። የእኛው ተርጓሚ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቀ ጎረምሳ ነበር፣ በነፃ ይገባል፣ በምትኩ ከኋላ ቆሞ ይተረጉማል። "አባትህን የገደልኩት እኔ አይደለሁም እያለው ነው። ውሸቱን ነው። ይኼኛው ደሞ በእናቴ ስም ምያለሁ አለቅህም አለው።" ዓመታት ቆይቶ ከነዚያ ፊልሞች አንዱን በሞባይል ከነጽሑፉ አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ ስለ አባት የሚወራ ነገር የለም! ሰዎቹ የሚጣሉት በዕቃ ጭነት ነው። የእሱ ታሪክ ይሻላል፣ አልዋሽም። ዛሬ "ትርጉም ፊልም" እየተባለ በአንድ ሰው ድምፅ የሚተረክ ነገር ዩቲዩብ ላይ ሞልቶ ሳይ የኛ ሰው ሃያ ዓመት ቀድሞ መወለዱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ደግሞ ሕጉ አለ፦ አክተር አይሞትም። በኛ ቋንቋ "አክተር" ማለት ዋናው ሰውዬ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቦስ ወይ አጃቢ ነው። ጥይት ዘንቦ አክተሩ መሬት ላይ ሲወድቅ ትንንሾቹ ፊታቸውን ሲሸፍኑ ከኋላ አንድ ሰው "አትፍሩ፣ አክተር አይሞትም!" ይላል። እና እውነትም ይነሳል። ይቺ ሐረግ ከቪዲዮ ቤት ወጥታ የከተማው ሁሉ ሆነች። አሁን ኳስ ተጫዋች ሲጎዳ፣ ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ፈተና ሲወድቅ ትባላለች። ተማሪዎቼም ይሏታል፣ ከየት እንደመጣች ሳያውቁ።

ሕጉ የተጣሰበትን ቀን አስታውሳለሁ። ጋሼ "ሾሌይ" የሚባለውን የ1975 እ.ኤ.አ. የሕንድ ፊልም አመጡ፤ እሳቸው በጎረምሳነታቸው የወደዱት ነው። አሚታብ ባችቻንና ዳርሜንድራ፣ ሁለት ጓደኛሞች። መጨረሻው ላይ አሚታብ ይሞታል። ይሞታል ስላችሁ ይሞታል፣ አይነሳም። ቤቱ ተናወጠ። ግማሹ "ብራችንን መልሱ፣ አክተር ሞተ" አለ። ግማሹ "አክተሩ ዳርሜንድራ ነው፣ አሚታብ አጃቢ ነው" ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ለአሚታብ አጃቢ መባሉ እንደ ስድብ ሆኖባቸው ከበሩ ገብተው ሌክቸር ሰጡ፦ ጓደኛውን አስመልጦ የሞተ ሰው ነው አክተር ማለት። እኔ ያን ቀን ስለ ፊልም አንድ ነገር የተማርኩ ይመስለኛል፤ ኮሌጅ ገብቼ በሥነ ጽሑፍ ኮርስ "ትራጀዲ" ሲያስተምሩን የታየኝ የጋሼ ጣት ነው።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ፊልም ይጀመራል። ማንም አይወጣም፣ ቦታው ይያዝበታላ። በጨለማው ውስጥ ሁሉም መጨረሻውን ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ይወራረዳል። "መጣ!" ሲባል የሚሰማው ጩኸት እስከ ላይኛው ሰፈር ይደርስ ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ስለ ወንዶች ነው። ልብ ብላችኋል? ቪዲዮ ቤት ሴት አይገባም። የተጻፈ ሕግ የለም፣ ግን የገባች ሴት ልጅ ስሟ ሰፈሩን ይዞራል። እህቴ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቦኖ ውሃ ተሰልፋ ድምፁን ትሰማለች፣ ማታ እኔ እተርክላታለሁ። የተርጓሚው ትርጉም ላይ የእኔ ተጨምሮበት አስቡት! ይሄን ዘመን ስናወድስ የሰፈሩ ግማሽ ውጭ ቆሞ እንደነበር መርሳት ልክ አይመስለኝም። የፒያሳዎቹስ ቢሆኑ? እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየሳምንቱ አትክልት ተራ ትወርድ ነበር፣ ሽንኩርቷን፣ ድንቿን ልትገዛ። ሲኒማ ኢትዮጵያን ታውቀዋለች፤ በደጁ ታልፋለች። አንድም ቀን አልገባችም። ከልካይ የለም፣ ብቻ እሷን የሚመለከት ነገር አልመሰላትም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ቪዲዮ ቤት ነው ሲኒማን የገደለው" ሲል እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ተቃራኒው ነው።

እስቲ ቁጥሩን እዩት። የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ ፊልም "ሂሩት አባቷ ማነው?" የታየው በ1957 ዓ.ም ነው። "ጉማ" በ1966። (ሁለቱንም ያዘጋጇቸው የግሪክ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ላምብሮስ ጆካሪስና ሚሼል ፓፓታኪስ። ይሄ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ሌላ ቀን።) ደርግ በ1978 ዓ.ም የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ ባለሙያዎች ነበሩት፣ ዶክመንተሪም ሠራ። የሰለሞን በቀለ ወያ "አስቴር" በ1980ዎቹ መጣች። ሌላም ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አገር ውስጥ የተሠራው ሙሉ ፊልም በጣት ይቆጠራል። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሴሉሎይድ ውድ ነው፤ ጥሬውን በዶላር ትገዛለህ፣ አገር ውስጥ ስለማይታጠብ ውጭ ልከህ ታሳጥባለህ። መንግሥት ራሱ ያልቻለውን ግለሰብ ከየት ያመጣዋል?

ያን ግድግዳ ያፈረሰው የቪዲዮ ካሴት ነው። ያው ጋሼ ክፍል ውስጥ የነበረው ጥቁር ፕላስቲክ። ሰርግ የሚቀርጹ ልጆች ካሜራውን ወደ ድራማ አዞሩት። (ያቺ ተማሪዬ ለካ ብዙም አልተሳሳተችም።) ናይጄሪያም የሆነው ይኸው ነው፤ "ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ" የተባለው ፊልም በ1992 እ.ኤ.አ. በቪዲዮ ተሠርቶ የናይጄሪያን የፊልም ገበያ የቀሰቀሰው ከዚያ ነው። ግን አንድ ልዩነት አለ። እነሱ ካሴቱን ገበያ አውጥተው ለየቤቱ ሸጡት። የኛዎቹ በቪዲዮ የቀረጹትን ይዘው ሲኒማ አዳራሽ ገቡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ "ቀዝቃዛ ወላፈን" ሲታይ ሰልፉ ሕንፃ ይዞር ነበር። ከዚያ "ቀይ ስህተት"፣ ከዚያ "የወንዶች ጉዳይ"፣ ከዚያ መቁጠር አቃተን። ባዶ ሊቀሩ የነበሩት አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ሞሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቦሌ መንገድ ላይ ዓለም ሲኒማን ከፈተ፣ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ ኤድናሞል ውስጥ ማቲ ተጨመረ።

ያ ሁሉ ተመልካች ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። በየሰፈሩ፣ ከእንጦጦ ሥር እስከ ቃሊቲ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ነው። ከፍሎ ማየት፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ መሳቅ፣ ጨለማ ውስጥ መከራከር የለመደ። በኋላ አማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ሲገባ አክተሩ ብቅ ሲል የሚያፏጨው፣ ቦሱ ሲመጣ "ከኋላህ ነው!" የሚለው ማን ነበር? የፒያሳ ጨዋ ተመልካች በዚህ ይናደድ ነበር፤ "ቪዲዮ ቤት አደረጉት" ይል ነበር። አዎ፣ አደረግነው። ባናደርገው ደግሞ አዳራሹ መጋዘን ሆኖ ነበር።

ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ፦ ሴቶች ገቡ። አማርኛ ፊልም ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት ነበርና ሰልፉ ላይ እህቶቻችን ከእኛ በለጡ። እህቴ የመጀመሪያ ፊልሟን ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ያየችው በሃያ ምናምን ዓመቷ ነው።

እናቴንም ወሰድኳት። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የ8 ሰዓቱን ትርኢት። ነጠላዋን አሳምራ ለብሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጅ ስንደርስ ቆመች። "ጾም አይደለም እንዴ?" አለች። አይደለም አልኳት። "እና ቄስ አባቴ ቢሰሙ?" ሰይጣን ቤት የተባለበት ዘመን ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎት፣ ስሙ ተረስቶ፣ ፍርሃቱ ግን እሷ ዘንድ ነበር። ገባን። መብራቱ ሲጠፋ ክንዴን ያዘችኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ለቀቀችኝና ልጅቷን ትመክራት ጀመር፣ ጮክ ብላ። "ተይ ልጄ፣ ይሄ ሰው አይሆንሽም። ዓይኑን አታይም?" ከፊታችን ያሉት ዞረው ሳቁ፤ አንዷ "እውነትዎን ነው እማማ" አለቻት። ከዚያ ሁለቱ አብረው መከሩ። ስንወጣ ፀሐይ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና "እንዲህ ከሆነማ ይሄን ያህል ዘመን ምን ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ?" አለችኝ። እየሳቀች ነው የተናገረችው። እኔ ግን የምመልሰው አጥቼ ታክሲ ፍለጋ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ አላራዝመውም። የሰፈሩ ቪዲዮ ቤቶች ዲሽ አስገብተው የኳስ ቤት ሆኑ፤ ቫንዳም የተጻፈበት ጣውላ ላይ "አርሰናል - ማንቼ" ተጻፈ። በ2008 ዓ.ም ቃና መጣና ማታ ማታ ሰው ከቤት አልወጣ አለ። በ2012 ኮሮና ሲኒማ ቤቶቹን ዘጋ። አሁን ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ስልክ አንድ ጆሮ ማዳመጫ። መጥፎ ነው አልልም፣ እናቴም ስልኬን ነጥቃ ታያለች። ግን ስልክ ላይ ማንም "እውነትዎን ነው እማማ" አይላትም።

እንጦጦም ሌላ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም ፓርኩ ተከፍቶ ያ የእንጨት መንገድ አሁን የመኪና ሰልፍ ነው። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የነበረበት ቦታ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ንጹሕ፣ መብራት ያለው። ሳልፍ እግሬ የአግዳሚዎቹን ቦታ ያውቀዋል፦ እዚህ ጋ ትንንሾቹ፣ እዚህ ጋ ተርጓሚው።

ባለፈው ሳምንት ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ከብዷል፣ ቀልዳቸው ግን እንዳለ ነው። "የቪዲዮ ቤቱ ፎቶ አለዎት?" አልኳቸው። በደንብ አዩኝና "አንተ ደሞ፣ ጨለማ ቤት ምን ፎቶ ይነሳል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሲኒማ ኢትዮጵያ ፎቶ በየመጽሐፉ አለ። ሺህ ልጅ ያደገበት የዚያ ክፍል ፎቶ ግን አንድም የለም። ፈቃዱም፣ መዝገቡም፣ የፊልም ዝርዝሩም የለም።

ስለዚህ የልመና ጽሑፍ ነው ይሄ። ከፈረንሳይ፣ ከጉራራ፣ ከቀበና፣ ከሽሮ ሜዳ፣ ከየትም ሁኑ፣ በሰፈራችሁ ቪዲዮ ቤት የነበረ ፎቶ፣ ያ የጠመኔ ጣውላ፣ የሲኒማ ኢትዮጵያ ወይ የአምፒር ትኬት ቁራጭ ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ከሌላችሁ መግቢያው ስንት እንደነበርና ማን ይተረጉም እንደነበር ጻፉልኝ። ሴቶች፣ ደፍራችሁ የገባችሁ ካላችሁ ከሁሉም በላይ የእናንተን ነው የምፈልገው።

ሌላ ደግሞ፣ ጋሼ ዴኩን አልጣሉትም። አልጋቸው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ፣ "ሾሌይ" ውስጡ እንደገባ ነው፤ ቤልቱ ስለተበጠሰ ካሴቱ አይወጣም። የዴክ ቤልት የሚያገኝ ወይ የሚጠግን ሰው የምታውቁ ካላችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር ጣሉልኝ። ሒሳቡን እኔ እችላለሁ።